የአራተኛው ጉድጓድ ኳስ

እኔ ሄክተር ማክፋይል፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ በጡረታ ያለሁ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ዛሬ ሐሙስ ኦክቶበር 19 ቀን 2017 በክሬግሌይ መንደር በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ጠበቃዬ ወይዘሪት ሮዋን ኬይ እየጻፈች፣ የጎልፍ ጓደኛዬ ፈርገስ ባርክሌይ በምስክርነት እየሰማ፣ ይህን ኑዛዜ ተናዝዣለሁ። ያስገደደኝ የለም። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ደነገጠ እንጂ አልተናጋም።

የቀድሞው ኑዛዜዬ ተሽሯል፤ አስፈጻሚ ያደረግሁት ዱጋል ፔትሪ ሞቷልና። ዱጋል! ስድስት ዓመት ሙሉ ሞት አፋፍ ላይ የቆየሁት እኔ ነኝ። የቀብሬን ንግግር እንኳ ጽፎ አንብቦልኝ፣ "ቀልድ አነሰው" ብዬ መልሼበታለሁ። እሱ ግን የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ጎልፍ ስንጫወት ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ፣ ፈርገስ ኳሱን ኩሬ ሲከት ስቆ ስቆ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ? እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም።

አንደኛ፦ ቤቴን ከነዕቃው ለልጄ ለኢና ሰጥቻለሁ። በመጣች ቁጥር "ይሄ ቤት ይቀዘቅዛል" ስትል ኖራለች፤ እንግዲህ ራሷ ታሙቀው።

ሁለተኛ፦ የጎልፍ ዱላዎቼና የመጫወቻ ጫማዬ ለፈርገስ ይሁኑ። እግራችን እኩል ነው። ዱላዎቹን ግን ኩሬ እንዳይከታቸው።

ሦስተኛ፦ ይህ ስለ ዱጋል ነው። "የሐሙስ ጎባጦች" የምንባለውን የጡረተኞች ቡድን የመሠረተው እሱ ነው። ፖስተኛ ስለ ነበር የማንም ደጃፍ አይከብደውም። ባለቤቴ በሞተች በአራተኛው ወር በሬን ደበደበ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን አድርግ! ሐሙስ ነው።"

"ሐሙስ ቢሆንስ?"

"ሐሙስ ሐሙስ ጎልፍ እንጫወታለን።"

"እነማን?"

"እኔና አንተ። ሌላው ይመጣል።"

መጡም። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፦ ነጥብ የቆጠረ ሻይ ይጋብዛል።

አሁን ቡድኑ ለመታሰቢያው አራተኛው ጉድጓድ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ሊያቆም ነው። "ዱጋል ፔትሪ እዚህ በአንድ ምት ኳሱን ጉድጓድ ከተተ" የሚል ይቀረጽበታል ተብሏል። እንዳይቀረጽ። ውሸት ነው፤ ውሸቱም የእኔ ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት፣ "ዛሬን ተጫውቼ አቆማለሁ" አለ። እሱ ከቀረ ቡድኑ እንደሚበተን፣ እኔም ተመልሼ ከግድግዳ ጋር እንደምፋጠጥ ገባኝ። አራተኛው ጉድጓድ ከጉብታ ጀርባ ስለሆነ ከመምቻው አይታይም። እሱ መታ፤ እኔ ቀድሜ ሄድሁ። ኳሱ ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ቀርቶት ቆሟል። በቀኝ እግሬ ጫፍ ነካ አደረግሁት። "ገባ! በአንድ ምት ገባ!" ብዬ ጮኽሁ። ዱጋል አለቀሰ። በአንድ ምት ማስገባት በዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነውና፣ እንደ ወጉ መጠጥ ቤት ላገኘው ሰው ሁሉ ውስኪ ጋበዘ፤ ኳሱንም በመስታወት ሣጥን አድርጎ ቤቱ፣ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አስቀመጠው። መጫወቱን አላቆመም። እኔ ግን ያን ኳስ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ሳልነግረውም ሞተብኝ። ሚስቱ ኤልስፐት ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ኤልስፐት፣ ይቅር በይኝ።

እዚህ ላይ ኤልስፐት ሳቀች። ጻፊው ሮዋን፣ የተባለውን ሁሉ ጻፊ።

"ያውቅ ነበር እኮ!" አለች።

"ምኑን?"

"እግርህን ነዋ! ጉብታው ላይ ወጥቶ ሲያይህ ነበር። ቤት እንደገባ 'የሄክተር እግር ከእኔ ዱላ ይሻላል' እያለ ተንከተከተ።"

"ታዲያ ምን አስለቀሰው?"

"'ሰውዬው እንዳልቀርበት ይህን ያህል ከፈለገ፣ እንዴት ብዬ እቀራለሁ?' አለኝ። ለዚያ ነው ያለቀሰው።"

ሮዋን ውሃ ሰጠችኝ። ሰባት ዓመት! ያ ሌባ ፖስተኛ! ምቱን በተረከ ቁጥር "እግዚአብሔር ነው ያስገባው" ይልና ጫማዬን ያይ ነበር። ጭቃውን የሚያይ ይመስለኝ ነበር እኮ!

ኤልስፐት ጽሑፉ እንዳለ ይቀረጽ ብላለች፤ የእሷ ቃል ይጽና። የኑዛዜዬም አስፈጻሚ እሷ ትሁን።

አራተኛ፦ በሁለተኛው ቁጥር ስለ ጫማው የተናገርሁት ተሽሯል። ፈርገስ ግራውን ብቻ ይውሰድ። "አንድ እግር ጫማ ምን ላደርግበት ነው?" ይላል፤ ከፈለገ እሱንም ኩሬ ይክተተው። ቀኙ ግን ጭቃው ሳይጠረግ ኤልስፐት ቤት፣ ከምድጃው በላይ፣ ከኳሱ ጎን ይቀመጥ።

ሌላ የምለው የለኝም። ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ ሄክተር ማክፋይል (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ሮዋን ኬይ፣ ጠበቃ (ፊርማ)

ምስክር፦ ፈርገስ ባርክሌይ (ፊርማ)። የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ጉብታው ላይ ከዱጋል ጎን ቆሜ ነበርና፣ እግሩንም አይቻለሁ።