አባባ ሲነዱት የሚጠፋው ማጨጃ

ለታላቅ ወንድሜ ለክሊፎርድ፣

እንደምን ከርመሃል? ጃኒንስ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ቴሳና ኦወን ደህና ናቸው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ትራስ ደርበህ ነው የምትቀመጠው? የአሪዞና ፀሐይ እንዳላሰለቻችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ልዋሽህ አልፈልግም። በስልክ ያልነገርኩህ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር «አዲስ ግዙና ተገላገሉ» ስለምትለኝ ነው። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ነገሩ አባባ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ነው። እንደምትስቅ አውቃለሁ። ያንተ ግቢ ጠጠር ነው፤ ጠጠር አያድግም። እዚህ ግን ቅዳሜ ጠዋት ማጨጃው ላይ ያልታየ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል ነው የሚባለው። እማማ በተቀበረች ሳምንት አንተ ቤቱ ይሸጥ ስትል አባባ የመለሱልህን አትረሳም፤ «ግቢዬን ሌላ ሰው ያጨደልኝ ቀን ሽጡት» ነው ያሉህ። አንተ እንደ ቀልድ አለፍከው። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ያንን አሮጌ ማሽን እንደ ታማሚ ነው የማስታምመው።

ጁን መግቢያ ላይ አባባ ቁልፉን ቢያዞሩ ጭጭ አለ። የባትሪው ጫፎች ነጭ ነገር ለብሰው ስላገኘኋቸው በሶዳና በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኳቸው። ፊውዙ ደህና ነበር። ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድ ፈታሁና ከሥሩ ያለውን ዝገት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ሞረድኩት። ማስነሻ ሞተሪኖው ቶሎ መለሰ፣ ማሽኑም ተነሳ። አባባ ደስ ብሏቸው እየነዱ ወጡ። ፖም ዛፉ ጋ ሲደርሱ ጠፋባቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለሩቅ ሰው ያስቃል። እኔ ስቀመጥበት ግቢውን ዞሬ በሰላም እመለሳለሁ፤ እሳቸው ሲቀመጡበት ይጠፋል። የፍሬኑን ስዊች ፈተሽኩ። የስለቱን ፈተሽኩ። ከወንበሩ ሥር ያለውንም በእጄ ተጭኜ በቴስተር ለካሁት፤ ይሠራል። አላምን ብዬ የቁልፉን ቤት ሳይቀር ለወጥኩ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና፣ «አባባ፣ የሆነ ነገር እየነኩ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚያጠፉት» አልኳቸው። እኔ ጡጦ ሳልጥል ጀምሮ ሣር ሲያጭዱ እንደኖሩ ነገሩኝና አኮረፉኝ። እራት እንኳ ሳህናቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ነበር የሚበሉት። የሚበሉ መስሎኝ ነበር ማለቴ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ከማጨጃው ጎን በእግሬ እየሄድኩ ልከታተል ወሰንኩ። ፖም ዛፉ ጋ ሥሩ መሬቱን ስላነሳው ማሽኑ ይንገጫገጫል። ሲንገጫገጭ አባባ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ አሉ፣ ሞተሩም ቀጥ አለ። እንደገና አስነሱት። እንዳይወድቁብኝ ብዬ ከኋላቸው የወንበሩን ጠርዝ በእጄ ጫን አድርጌ ያዝኩ። በዚያው ጉብታ ላይ አለፍን፤ አልጠፋም። እጄን ሳላነሳ እስከ አጥሩ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ አልጠፋም። ስንመለስ ጉብታው ላይ እጄን አነሳሁ። ጠፋ።

ያ ከወንበሩ ሥር ያለው ስዊች የሚሠራው ሰው ሲከብደው ነው። ነጂው ከወደቀ ስለቱ እንዳይበላው ሞተሩን ያጠፋል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ ክሊፎርድ። ማሽኑ የሚጠፋው ወንበሩ ላይ ሰው የለም ብሎ ነው። ልጆች ሳለን ሁለታችንን ባንዴ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡት አባታችን ናቸው እኮ። ከፀደይ ጀምሮ ቀበቶ ትተው ያን ሰፊ ባለማንገቻ ቱታ ብቻ ነበር የሚለብሱት፤ ሙቀቱ ነው ይሉኛል፣ እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ አልፋለሁ። በየቀኑ እያየኋቸው አላየኋቸውም። በራሴ አፍራለሁ፤ ባንተ ግን እናደዳለሁ።

አባባም ያኔውኑ ገባቸው። እጄን አዩ፣ ወንበሩን አዩና፣ «እንግዲህ ይሄም የለህም አለኝ» አሉ። ቀጥለው የስዊቹን ሁለት ሽቦዎች አንድ ላይ እንዳስርላቸው ጠየቁኝ። እንደሱ ከተደረገ ማሽኑ ሰው ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ይሄዳል። ቢወድቁ የሚያቆመው ነገር የለም ብዬ እምቢ አልኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከወንበሩ ግን አልወርድም አሉ።

ዴልማር ከመንገዱ ማዶ ሲያየን ቆይቷል መሰለኝ። ካንተ ጋር በአንድ ቡድን ኳስ ይጫወት የነበረው ዴልማር ነው። የራሱን ማጨጃ እየነዳ መጣና ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለን፤ ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ የቀረውን ማጨድ ጀመረ። ከደግነቱ ነው፤ እዚህ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ነው። አባባ በጠፋው ማሽን ላይ መሪውን እንደጨበጡ፣ እሱ ዙሪያቸውን አጨደው። ጨርሶ ሲሄድ ከሥራቸው የማሽኑን ስፋት ያህል ያልታጨደ ሣር ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔ ብብታቸውን ይዤ ብቻዬን አነሳኋቸው። እንደዚያ ይቀላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ማታ «ቤቱን እንዲሸጥ ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ፤ ይኸው ጽፌልሃለሁ።

ለማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። ይሄዱ አይሄዱ አላውቅም፤ የምንሰማውንም እፈራለሁ። እኔ «እንዴት ናቸው?» ብዬ ስልኩን የምዘጋበት ሩቅ አገር የለኝም። ቤት ገዢ መፈለጉን ተወውና አንተ ራስህ ና።

ለጃኒን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችው የኮክ ማርማላታ ደርሶናል። ቴሳን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ ለአያቷ የሣለችውን ፈረስ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ኦወን ጥርሱን ጨርሶ አወጣ? እሱንም እቀፍልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ዝም ብዬ ከምጽፍ ብዬ፣ ለክሊፎርድ ምን ልበልልዎ ስል ጠየቅኳቸው። በመስኮቱ ወደ ግቢው እያዩ፣ «ሣሩን ማን እንዳጨደው ንገሪው» አሉኝ።

እህትህ ሎሬታ
ዌልስ ኮርነር፣ ኢንዲያና
እሑድ ጁላይ 24 ቀን 1994