ላልወለድኩት ልጅ የላክሽው ሹራብ

ለማልጠግብሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን ያስወጣሻል? ታናሽ እህቴስ አሁንም እንደ ድሮው ታስቸግርሻለች? እኔ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ተመስገን ነው።

አክስቴ ትናንት ሹራቡን ሰጠችኝ። ይቅር ብያታለሁ፣ ልጁን ብቻ ታምጣልኝ ማለትሽንም ነገረችኝ። ሹራቡን ዘርግቼ አየሁት፤ የሁለት ዓመት ልጅ ልክ ነው። ቀኑን ቆጥረሽ ነው የሠራሽው።

እማዬ፣ ልጅ የለም። ኖሮም አያውቅም።

ያን ቀን ሸሚዜ ደረቱ ላይ ርሶ አየሽ። የወር አበባዬ ከቆመ ዘጠኝ ወር እንዳለፈውም ታውቂ ነበር። አራት ልጅ ያጠባች ሴት ወተት ስታይ አይጠፋትም፤ ሆድሽን ደብቀሽ ወልደሽ የት ጣልሽው አልሽኝ። ዝም ማለቴን እንደ ማመን ቆጠርሽው፣ ከቤቴ ውጪልኝ አልሽ፣ ወጣሁ። እኔስ ምን ልበልሽ ነበር? ወንድ ነክቶኝ አያውቅም፤ ወተቱ ግን ይወርዳል። ተኝቼ ሳለ ምን ሆኜ ይሆን እያልኩ የገዛ ራሴን ጠረጠርኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በየሕፃናት ማሳደጊያው እየዞርሽ ስትፈልጊው እንደከረምሽ ገና ትናንት ሰማሁ። ለሌለ ልጅ ስንት በር አንኳኳሽ!

እዚህ ስፌት ቤት ኮሌታ እሰፋለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከፊቴ እንጂ ከግራና ከቀኜ ያለው አይታየኝም። ከበሩ መቃን ጋር በተጋጨሁ ቁጥር ጨርቅ ቆራጩ ለበሩ ይቅርታ ይጠይቅልኛል፤ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ትኩሱን ካውያ እግሬ አጠገብ ስጥለው ግን አለቃዬ ዓይን ሐኪም ጋ ላከችኝ። ሐኪሟ ዓይኔን አይታ ስትጨርስ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝ። ክው አልኩ።

አንጎላችን ሥር አተር የምታህል እጢ አለች አሉ፤ ሌሎቹን እጢዎች የምታዝ። የእኔዋ ላይ እብጠት በቅሎባት ወተት የሚያመጣውን ሆርሞን ያለ ልክ ታመርታለች። ሰውነቴ የወለደ መስሎት ወተቱን ያወርዳል፣ የወር አበባውን ያቆማል። እብጠቱ ሲያድግ ደግሞ የዓይኔን ነርቭ ተጫነው። በዓለም ላይ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ዘንድሮ እንኳ ሦስተኛዋ ነሽ አለችኝ። አለቀስኩ። በሽታውን ፈርቼ መስሏት አባበለችኝ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ተቀይሜሻለሁም፣ አልዋሽሽም። ላላጠፉት ጥፋት ይቅርታ መቀበል ከስድብ ይከብዳል። እሑድ እሑድ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ሬዲዮ ከፍቼ ወደ ሌላው ጥግ ሄጄ እቀመጣለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔማ ሁለት ዓመት አደረ። ሦስት ጊዜ ደውሎ ድምፅሽን ሲሰማ የዘጋው ሰውም እኔ ነኝ።

እህቴ የወር አበባዋ ቢዛባባት አደራ፣ ከመቆጣትሽ በፊት ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የሰጡኝ ክኒን ብዙዎችን ያድናል፤ እኔ ላይ ሰነፈ። ስለዚህ ሰኞ በአፍንጫዬ በኩል ገብተው እብጠቱን ያወጡታል። ከአባቴ የወረስኩት ትልቅ አፍንጫ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ! ቀላል ነው ብለውኛል፣ አትስጊ። የምፈርምበት ቅጽ ላይ የቅርብ ዘመድ የሚል ቦታ አለ። ብዕሩን ይዤ ስቆይ ነርሷ ማንም ከሌለሽ ባዶውን ተዪው አለችኝ። የአንቺን ስም ጻፍኩ።

ይህን ደብዳቤ አክስቴ ነገ ይዛልሽ ትመጣለች። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ ይሙላው፣ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ። ሰኞ ስልክሽን አትዝጊ። ማንም ቢደውልና ልጅሽ ናት ወይ ቢልሽ፣ አዎ በይልኝ።

የበኩር ልጅሽ