ከአርጆ የምትመጣው ቡችላ

ጥቅምት 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ሐሰት ነው። ውሻ በጉዲፈቻ ላሳድግ አይደለም። ለውሻ ሽማግሌ አይቀመጥለትም፣ ቅቤ አይቀባም፣ አይማልለትም። ላመጣ ያሰብኩት የግቢ ጠባቂ ነው፤ አሮጌውን ውሻዬን በክረምት ጅብ ስለወሰደው፣ እኔም በስልሳ ስምንት ዓመቴ ብቻዬን ስለማድር። ይኸው ነው።

ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ናት፣ ከገበያ ከገዛችልኝ ጨው ጋር። ሴቶቹ ምን ብለው ሳቁ አልኳት። ልትሸሽገው ሞከረች። አልለቀቅኋትም። “የመጀመሪያዋ በሁለት እግሯ አመለጠች፤ ይቺኛዋማ አራት አላት” ብለዋል።

ጻፍኩት። ልጅ ሳለሁ በሚሲዮኑ ት/ቤት መምህራችን ማታ ማታ ስታስጽፈን፣ የሆነውን ጻፉ፣ የተሰማችሁን ተዉት ትለን ነበር። ለአንድ የተሳሳተ ፊደል አንድ ማስመሪያ በጣት ላይ። እንግዲህ ደብተሬ፣ የሆነው ይህ ነው። የተሰማኝን ተዪው።

ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አጥር። በጓሮ በኩል ሁለት ቀዳዳ። አንዱ የጅቡ ነው፤ ፀጉሩ እሾሁ ላይ ቀርቷል። የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ በድንጋይና በእሾህ አስደፈንኩ። አጣመመው። አስፈረስኩት። እንደገና አጣመመው። “አዴ፣ የሚመጣው ቡችላ ነው ወይስ ጠቅላይ ገዥው?” አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አስፈረስኩት።

ላምባው ከፍ ብሎ ተሰቀለ። የአይጥ መርዙ ተቀበረ። ጫማ ሁሉ ከመሬት ተነሣ። መኝታው የሳሙና ሳጥን፣ ውስጡ ጭድ። የውሃው ገል የተሰነጠቀ ነው፤ ይለወጥ።

ሳጥኑን የት ላኑረው? በረንዳው ይነፍስበታል። ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው ትንሿ ክፍል ደረቅ ናት። ባዶም ናት፣ አራት ዓመት ሆናት። እዚያ ይሁን።

ደንብ ጻፍኩ። ሰባት አንቀጽ። ጠዋት አንድ ሰዓት ይበላል። ሳይጠራ ቤት አይገባም። ከእጅ አይጎርስም። አጥፍቶ ቢያላዝን አይባበልም። የቀረውም እንዲሁ። ለወ/ሮ አስካለ አነበብኩላት። “እቴ፣ ውሻ ና ይባላል እንጂ አንቀጽ ይነበብለታል?” አለች። አልሳቅሁም። ከሄደች በኋላ ጥቂት።

ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ኦቦ ቶሌራ መጣ። ከአርጆ በበቅሎ ቡና የሚያመላልሰው ነጋዴ። ቡችላ ፈልግልኝ ብዬ የነገርኩት እሱን ነው። አግኝቷል። አምስት ተወልደው ሴቷ ንቁ ናት። ጆሮዋ ቶሎ ቢቆረጥ፣ ተርብም በሊጥ ተጠቅልሎ ብትጎርስ ኃይለኛ ይወጣታል። መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በጆንያ አመጣታለሁ አለ። ጆሮም አይቆረጥም፣ ተርብም አይጎረስም አልኩ። ስለ ጆንያው ዝም አልኩ።

እናቷ የማን ውሻ ናት? አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። አገላበጠው። የአያንቱ።

አያንቱ። እኔና ባለቤቴ ገመቹ በጉዲፈቻ ያሳደግናት። ገመቹ ከሞተ በዓመቱ ከዚህ ቤት የወጣችው። አርጆ ውስጥ ሌላ የወለደች ውሻ የለችም ወይ አልኩት። “ሞልቷል፣ አዴ” አለኝ፣ ያለ ኀፍረት።

መልእክትም አለኝ አለ። እንዳለችው ልናገር ወይስ ላሳጥረው? እንዳለችው አልኩ። “ቡችላዋን እሰጣታለሁ። ስታድግ ግን ከሌላ ቤት የመጣሽ ነሽ ብላ እንዳትነግራት፣ በላት።”

ከዚያ ስለ መንገዱ አወራ። ጭቃው ደርቋል። ወንዙ ጎድሏል። ሕፃኑ ቡችሎቹን በጅራታቸው እየጎተተ አስቸግሯል። የምን ሕፃን? የአያንቱ ነዋ። መራመድ ጀምሯል።

ማንም አልነገረኝም።

የዘውድ በዓል ማግስት ጠዋት ወደ አርጆ ይመለሳል። እስከዚያ መልስ ስጪኝ ብሎኛል።

ጥቅምት 19

አልወስድም። ሌላ ውሻ ይፈለግ። ድፍረቷ! ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ። ከጊዳ አያና በአራት ዓመቷ ስናመጣት ራሷን ሦስት ቀን ያጠብኩት እኔ። ዝናብ ነበር። ገመቹ በካፖርቱ ሸፍኖ በቅሎው ላይ አቅፏት መጣ። ምንም ሳታይ ገባች።

10 ሰዓት። ሳጥኑን ወደ ግቢ ወረወርኩት።

11 ሰዓት። መልሼ አስገባሁት። ጭዱ ረጥቧል። ይለወጥ።

ጥቅምት 21፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ትንሿን ክፍል ስጠርግ ከበሩ ጀርባ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የእኔ ጽሕፈት ነው፣ በቀይ ቀለም። ዘጠኝ አንቀጽ። ጠዋት አንድ ሰዓት ትበላለች። ሳትጠራ እንግዳ ፊት አትቀርብም። አጥፍታ ብታለቅስ አትባበልም። የቡችላዋን ሰባት አምጥቼ አጠገቡ ያዝኩት። ለውሻዋ ሁለት ቀንሼላታለሁ።

ጭዱ ላይ ተቀመጥኩ።

ደብተሬ፣ የአያንቱ ነገር በአንቺ ውስጥ “ተጣላን” ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈው። አራት ዓመት እንደዚያው ቀረ። መምህራችን ብታየው ማስመሪያው ለእኔ ነበር። የሆነው ይህ ነው። አያንቱ የመምህርነት ትምህርቷን ትታ አንድ የአርጆ ሰው ላገባ ነው አለች። ቤቱ እንግዳ ነበረበት፤ ወ/ሮ አስካለም ነበረች። እኔ እንዲህ አልኩ፦ “ከሆዴ ብትወጪ ኖሮ ይህን አታደርጊም ነበር።”

ስድስት ቃል። ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ ሽማግሌ ፊት አጥንቴ ናት፣ ሥጋዬ ናት ተብሎ ይማላል። ከዚያ ወዲያ ያ ነገር አይነሣም። ጎረቤት አያነሣውም። የሰከረ ሰው እንኳ አያነሣውም። እኔ በጤናዬ አነሣሁት።

አላለቀሰችም። የገዛሁላትን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች። አጠፈችው፣ እንዳስተማርኳት ጠርዙን ከጠርዝ አግጥማ። ወንበሩ ላይ አኖረችውና ወጣች። እኔ እንግዶቹን ተቀመጡ አልኩ።

ቀጥሎ ለከተማው ያወራሁት ወሬ ነው፦ አመለጠች። አላመለጠችም። ይህንም ላርም። አስወጥቻታለሁ።

ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሰንደቅ ዓላማ፣ ንግግር፣ የተማሪ ሰልፍ። ሦስተኛው ረድፍ ጠማማ ነበር። ስለ ጃንሆይ ጤና ተዘመረ። ከአንድ መዝሙር በላይ መቆም አቃተኝና ወደ ጥላው ሄድኩ።

ጥላው ሥር ኦቦ ፉፋ ተቀምጧል። አያንቱን ስንወስድ ካስማሉን ሽማግሌዎች በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል። በድምፄ ለየኝ። ጤናዬን ጠየቀ። አዝመራውን ጠየቀ፣ እርሻ የለኝም። ከዚያ “ልጅሽስ?” አለ።

አራት ዓመት ሙሉ ከተማው ይህን ላለመጠየቅ ሲጠነቀቅልኝ ኖሯል። ወሬው አልደረሰውም ይሆናል። ደርሶትም ይሆናል። ደኅና ናት አልኩ። ወንድ ልጅ አላት፣ መራመድ ጀምሯል አልኩ። ደስ አለው። “አንቺን ይመስላል?” አለኝ።

አላየሁትም ማለት ነበረብኝ። ፀሐዩ በርትቷል አልኩና ተነሣሁ።

በዚያው ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ወ/ሮ አስካለን ጠርቼ ነገ አርጆ እሄዳለሁ አልኳት። “በዚህ ዕድሜሽ በበቅሎ አርጆ ድረስ? ወገብሽ ይቆረጣል እቴ!” አለች። ይቆረጥ አልኩ። ሰው ልኪባት አለች። ያን ቀን ሰው ልኬ ነበር ወይ የተናገርኩት? አልኳት። ደጁን ባትከፍትልሽስ አለች። እሱን እኔም አስቤዋለሁ። ከዚያ ሄዳ ለመንገድ የሚሆን በሶ ይዛልኝ መጣች። ጨው አብዝታበታለች። አልነገርኳትም።

ነገ መጀመሪያ የምሠራው፦

1. ጎህ ሲቀድ ኦቦ ፉፋ ዘንድ። ስድስቱን ቃል እንዳሉ መንገር፣ ሳላሳምር። እሱ ፊት የተማለ ነው፤ ማፍረሴንም እሱ ይስማ። የሚለኝን ይዞ መሄድ።

2. ኦቦ ቶሌራን ሳይነሣ መያዝ። አንድ የዋህ በቅሎ። ጆንያው ይቅር፤ ከሰጠችኝ ቡችላዋን አቅፌ አመጣታለሁ፣ መንገዱን እያየች።

3. ሁለቱንም ወረቀት እሳት ውስጥ።

4. ሳጥኑን ወደ በረንዳ ማውጣት፣ በነፋሱ በኩል ሰሌን መጋረድ። ትንሿ ክፍል አልጋ ይግባባት።

5. ነጠላውን ከልብስ ሳጥኔ ማውጣት። እንዳጠፈችው ነው። ሳልፈታው መያዝ።

6. አያንቱ ደጅ ስደርስ፣ ከፈተችም አልከፈተችም፣ ውሻ የሚል ቃል ከአፌ ሳይወጣ፣ በድዬሻለሁ፤ አጥንቴ ነሽ፣ ሥጋዬ ነሽ ማለት።