አባባ የገቡ ዕለት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሳሉስ ለቀቀሽ ወይ? የዳጉሳው አጨዳ ደርሶ እንደሆነ ብቻሽን እንዳትገቢበት፤ የአጎቴን ልጆች ጥሪ። እኔ በሥላሴ ቸርነት ደኅና ነኝ። ከተመለስሁ ወዲህ ትምህርት ቤትም አንድ ቀን አልቀረሁም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጀልባው ላይ የሚሠራው ዳኘው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «የእናትህ የራሷ ጽሕፈት ነው፤ እኔ እያየሁ ነው የጻፈችው» ብሎ ሰጠኝ። አላመንሁትም ነበር። መሠረተ ትምህርት የገባሽ ጊዜ ወንድሜ አምሐ ከግንባር «እማየ ደብተር ይዛ ስትሄድ ሳላይ አልሞትም» ብሎ የጻፈልን ትዝ አለኝ። ፊደሎችሽ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዱ መሥመሩን ዘሎ ወጥቷል። ግን ያልገባኝ ቃል የለም። እስከ ዛሬ ደብዳቤሽን የሚጽፉልሽ አባባ ነበሩ፤ ይኸኛውን ለምን ለእሳቸው እንዳልሰጠሽ ገና ስጀምረው ገባኝ።

«አባትህ ከአምሐ ቀብር ወዲህ ማኅሌት አይቆሙም። ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ባልገባ ኖሮ አይነሳም ነበር ይላሉ። እህል አይቀምሱም» ብለሻል። ዐሥር ቀን ሙሉ መልስ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ወረቀት አጥቸ አይደለም።

አምሐ እዚህ እንዴት እንደነበረ አንቺ አላየሽም። ፍንጣሪው ወገቡን ከመታው በኋላ ግራ እግሩ ሞቶ ነበር፤ ቀኙ ግን ይታዘዝለታል። ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ በተከራየሁት ክፍል ሲቀመጥ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቁስለኞች መራመድ ወደሚለማመዱበት ክፍል በጋሪ እወስደው ነበር። እዚያ ሲስተር ዘይነት የምትባል የወረታ ነጋዴ ልጅ አለች። ቁመቷ ከትከሻየ አይደርስም። አምሐ መጀመሪያ ቀን አያትና «ይች ድንቢጥ ናት እኔን የምታነሳኝ? መትረየስ ተሸክሜ ተራራ የወጣሁትን ሰውየ?» አለ። እሷም ቀና ብላ ሳታየው «የምትነሳው አንተ ነህ፤ እኔ እንዳትወድቅ ነው የቆምሁት። ደግሞ በአፍህ አትነሳም፣ በእግርህ ነው» አለችው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ቁስለኞች ሁሉ ሳቁ። አምሐም ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እኔንም አስተማረችኝ። መጀመሪያ በብብቱ ይዠ ስጎትተው አየችኝና እጄን መታ አድርጋ አስለቀቀችኝ። «ትከሻውን ልትነቅለው ነው? የራስህንስ ወገብ ጠልተኸዋል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬን ከፈት አድርጌ እቆማለሁ፤ የምታጠፈው ከጉልበቴ ነው እንጅ ከወገቤ አይደለም። ወገቡ ላይ ሰፊ የጥጥ መቀነት አስራለሁ፤ ቋጠሮውን ያሳየችኝ እሷ ናት። መቀነቱን ከኋላ፣ መዳፌን ከሥር አስገብቸ እጨብጠዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን አብረን እንቆጥራለን፤ በሦስት ይነሳል። ክራንቹን በብብቱ አይንተራሰውም፤ ክብደቱን በመዳፉ ይሸከማል። መውደቅ ከጀመረም ሽቅብ ላንጠለጥለው አልታገልም፤ ወደ ገላየ አስጠግቸ፣ ጭኔ ላይ አንሸራትቸ፣ ቀስ ብየ መሬት አስቀምጠዋለሁ። ይኸን ሁሉ ዘይነት ራሷ እንደ በሽተኛ እየወደቀች አለማመደችኝ። አንዴ ለቀቅ አድርጌያት በቂጧ ተቀመጠችና «አየህ? እኔ ትንሽ ስለሆንሁ ነው የተረፍሁት» አለች።

አንድ ነገር ግን ጠዋት ማታ ትለኝ ነበር። ሁለቱም ክራንች መሬት ረግጠው እሱ «ረጋሁ» እስኪልህ ድረስ መቀነቱን አትለቅም፤ ቤቱ ቢቃጠል አትለቅም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢገባ አትለቅም ትለኛለች። የቀበሌውን ሊቀ መንበር አለች እንጅ ሌላ ሰው አላለችም።

ነሐሴ ላይ ከአልጋው እስከ በሩ ይሄድ ጀመር። መስከረም ሲጠባ እስከ ሐይቁ ዳር ደረስን። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ደሴታችን ወደ ደቅ አቅጣጫ ያያል። «አባባ ሲመጡ ተኝቸ አያገኙኝም» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ተቀምጠህ ቢያገኙህስ?» ስለው «ዝም በል፣ አንተ ተማሪ» ይለኛል።

እማየ፣ እንግዲህ ያን ዕለት የሆነውን እነግርሻለሁ። ለቀብር ስንመጣ የነገርኋችሁን እርሽው።

ከትምህርት ቤት ተመልሸ ወደ ሐይቁ ልንወጣ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መቀነቱን አሰርሁለት፤ ጠበቅ አድርጌ ነው ያሰርሁት። ቆጠርን። በሦስት ተነሳ። ቀኝ ክራንቹ መሬት ረግጧል፤ ግራውን ገና እያስተካከለ ነው። እኔ ከኋላው ሆኘ መቀነቱን ይዣለሁ። በዚህ ጊዜ በሩ ጨለም አለ፤ ቀና ስል አባባ ናቸው። እንደሚመጡ ማንም አልነገረንም። ጥምጥማቸው ጉበኑን እንዳይነካ ጎንበስ ብለው ገቡ። አምሐ «ኖር!» አለ፤ ድምፁ ልክ እንደ ድሮው ነበር። አባባም «በእግዚአብሔር፣ አትነሳ ልጄ፣ አትነሳ» አሉ።

እማየ፣ እሳቸው አትነሳ ሲሉ እሱ ተነስቶ ነበር። ለእሳቸው አልተነሳም። እኔ ነኝ ያስነሳሁት፤ ለልምምዱ ነው የተነሳው። እሳቸው ሲገቡ ቆሞ ስላገኙት ለእሳቸው የተነሳ መሰላቸው።

እኔ ከተወለድሁ አባባ ሲገቡ ጉልበታቸውን ሳልስም ቆሜ የቀረሁበት ቀን የለም። እንዲያ አድርጋችሁ ነው ያሳደጋችሁኝ፤ ለወቀሳ አይደለም የምለው። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብሁ ብትጠይቂኝ ምንም አላሰብሁም። በአምሐ ጎን አልፌ፣ ሁለት እርምጃ ሄጄ፣ ወድቄ የአባባን ጉልበት ሳምሁ። መቀነቱ ከእጄ መውጣቱን ያወቅሁት የአባባን እግር በሁለት እጄ መያዜን ሳይ ነው። ከኋላየ መጀመሪያ ክራንቹ ወደቀ። ከዚያ ጭንቅላቱ የመታው የአልጋው ብረት ጮኸ።

መቀነቱ አልተፈታም። የለቀቅሁት እኔ ነኝ።

አባባ እጄ የት እንደነበረ አላዩም፤ ከአምሐ ጀርባ ነበር። እሳቸው ያዩት የሚወድቅ ልጃቸውንና የተደፋሁትን እኔን ነው።

አምሐ ዳግመኛ ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን ለጥቂት ጊዜ ነፍሱን አውቆ ነበር። አባባ ጠበል ሊያመጡ ወጥተዋል። ሳለቅስ አየኝና «መቀነቱ ተፈታ በል» አለኝ። እምቢ አልሁት። «እኔ እንግዲህ አልቆይም። አባባ አንተን ባዩ ቁጥር ይኸን እንዳያስቡ። ተፈታ በል፣ ማልልኝ» አለኝ። ማልሁለት። በማግሥቱ ዐረፈ። እኔም ሬሳውን ይዘን ጀልባ ላይ ስንሳፈር ለጠየቀኝ ሁሉ ተፈታ አልሁ፤ ለአንቺም አልሁሽ። እሱ ለእኔ ብሎ ያለው ነገር በአባባ ላይ እንደሚወድቅ ሁለታችንም አላሰብነውም።

ከቀብር ስመለስ ዘይነት ልታስተዛዝነኝ ክፍሌ ድረስ መጣች። ብዙ ተቀመጠች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ቋጠሮው ነው የተፈታው?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። እጄን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «አላህ ያጥናህ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በሆስፒታሉ በኩል አላልፍም።

መሐላየን በዚህ ወረቀት አፈረስሁ። አምሐ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር፤ ግን አባባን እንዲህ ሆነው ቢያያቸው እሱም ያፈርሰው ነበር ብየ አሰብሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ በቃልሽ ብትነግሪያቸው ልታጽናኛቸው ያልሽ ይመስላቸዋል፤ አያምኑሽም። ስለዚህ አንብበሽ ስትጨርሽ ዕንባሽን ጥረጊና ወረቀቱን እንዳልተነበበ አድርገሽ እጠፊው። ሲመሽ ሳይሆን በቀን፣ ደጅ ላይ ብርሃን ሳለ፣ «የልጅዎ ጽሕፈት ደቀቀብኝ፣ ያንብቡልኝ» ብለሽ ስጫቸው። ሆን ብየ አድቅቄ የጻፍሁት ለዚህ ነው። እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡልሽ። መቀነቱ አልተፈታም ከሚለው ሲደርሱ ዝም ካሉ ይቀጥሉ አትበያቸው። አጠገባቸው ተቀመጭ ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔን የሚሉኝን ይበሉኝ፤ ቤት አትምጣ ቢሉኝም አልመጣም። ማኅሌት መቆማቸውን ግን በዳኘው ላኪልኝ።

ሥላሴ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የአምሐን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አባባን ጉልበትዎን ይስማል በያቸው፣ ከፈቀዱ።

ከሁለቱ የቀረሁት ልጃችሁ