ከመስኮቱ ጎን

ሐሙስ፣ የካቲት 12 ቀን

ለዚያች ለማትደውል፣ ሲደወልላትም ስብሰባ ላይ ለማትጠፋ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ይህን ቃል ያለ ውሸት ስጽፈው ገና ዛሬ ነው። ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ጉንፋን አልነበረም። ከማስተማር ሥራዬ ልባረር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገና ሕግ ሆኖ ያልጸደቀ ጉዳይ በክፍል ውስጥ ውይይት ቢደረግበትም አስተማሪው የራሱን አቋም እንዳይገልጽ የሚከለክል መመሪያ ወጥቷል። የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ «ዝም አይነቅዝም፤ ምን አስጨነቀሽ፣ ሌላ ርዕስ አስተምሪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ። ልጆቹ እየሰሙት የሚያድጉትን ነገር እንዳላየሁ ማለፍ አልሆነልኝም። የሞት ቅጣት ይቅር ስለሚለው ረቂቅ ሕግ አወያየኋቸው። «ይቅር የምትሉ ወደ መስኮቱ፣ ይኑር የምትሉ ወደ በሩ» ብዬ ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት።

በሩ ዘንድ ከቆሙት አንዷ አጎቷ የተገደለባት ልጅ ናት። ስትናገር ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ቤቷ ስትገባ አባቷ «መምህርትሽስ?» ቢላት የዋህ ናትና ያየችውን ነገረችው፤ «ከመስኮቱ ጎን ቆመው ነበር።» እሱም በማግስቱ «ከወንድሜ ገዳዮች ጎን ቆማለች» ብሎ ከሰሰኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። በኋላ ግን ወንድም የሞተበት ሰው ሌላ ምን ይሰማል ብዬ ንዴቴን ተውኩት።

ትናንት ክሱን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ፊት አስቀመጡኝ። ጠያቂው ባለ ወፍራም መነጽር የሕግ ሰው ነው።

«መምህርት፣ ከማን ጎን ነበር የቆሙት?»

«ከመስኮቱ።»

«እኮ! መስኮቱ ጋ የነበሩት ይቅር የሚሉት አይደሉም?»

«ጉልበቴን ያመኛል። የመስኮቱ ደፍ ላይ ልደገፍ ብዬ ነው።»

«በሩን ቢደገፉ ኖሮስ?»

«በር ሲደገፉት ይከፈታል፣ ጌታዬ።»

አንደኛዋ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። እሱ ግን ፍንክች አላለም። ርዕሰ መምህሩን ልኮ ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ «መምህርታችሁ የሞት ቅጣትን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» ለሚል ጥያቄ መልስ እንዲሰጡ አደረገ። ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ በሩን በሩን ሳይ ብታዪኝ! ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ሊያልቅ ነው አልኩ።

አሥራ ስድስቱ ይደግፋሉ፣ አሥራ አራቱ ይቃወማሉ፣ ሰባቱ አናውቅም ብለዋል። አንዱ «ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ብሎ ጽፏል። ባለ መነጽሩ ይህቺን ጮክ ብሎ ሲያነብ እሱም አላስቻለውም፣ ሳቀ። ውይይቱም ይቀጥል ተባለ፣ ክሱም ተዘጋ።

አባትየው በር ላይ አገኘኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። «ልጄ ስለ ወንድሜ ከሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው» አለኝና ሄደ። ቤቴ ገብቼ በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ተመስገን ነው።

ስነቃ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች የልቤን አለማወቃቸው ሙያዬ ነው፤ ኮርቼበታለሁ። አንቺስ? አሁን ያለሽበትን ሥራ አግኝተሽ «እማዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ያልሽኝ ዕለት ወረቀት አውጥቼ ጥቅሙን በአንድ በኩል፣ ጉዳቱን በሌላ በኩል ጻፍኩልሽ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብትዪኝ «ውሳኔው የራስሽ ነው» አልኩሽ። ፊትሽ ሲጠቁር አይቻለሁ። ግድ የላትም ብለሽ ሳትሄጂ አልቀረሽም።

ልጄ፣ እናት ለልጇ የምትለውን የሚከለክል መመሪያ የለም። እኔው ነኝ የፈራሁት። እንድትቀሪ ፈልጌ ነበር።

በሄድሽበት ሁሉ ቀና ይግጠምሽ፤ የልቡን የሚነግርሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ