ጎማዬን ማንም አልነጠቀኝም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ፣ አሁንም በመርፌው ክር የምታስገባልዎ እህቴ ናት ወይስ አዲሱ መነጽር ተስማማዎት? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ፈቀደላት? ወይስ አሁንም ግማሽ ላይ ቆማ ደረጃውን የሠራውን ሰው ትረግማለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ውድድሩ ካለቀ ወዲህ እንዲያውም ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ ማንም አልተቆጣኝም። የሚያስቸግረኝ የናንተ ናፍቆት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የቡድናችን ሐኪም የሚያክመው ነገር አይደለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምዎት። ባለፈው እሑድ ስንደዋወል እርስዎ ከዚያ ሲጮኹ እኔ ከዚህ ስጮኽ ጎረቤት ሁሉ ሰማን፤ እኛ ብቻ ሳንሰማማ ቀረን። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ያልገባዎት ቦታ ካለ እህቴ ደግማ ታነብልዎታለች። እሷም ብትሆን ማንበብ እንጂ ማብራራት አትጀምር በሉልኝ።

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። በቴሌቪዥን ያያችሁት ነገር ምን ያህል እንዳንገበገባችሁ ገብቶኛል። በብስክሌት ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውን ልጄን፣ ዓለም እያየው፣ አንድ ፍሬ ልጅ ጎማውን ነጥቆት ሄደ፤ ልጄም እንደ ተቀጣ ተማሪ መንገድ ዳር ቀረ ብለዋል። ከሱቅዎ ጎን ያሉት ፀጉር አስተካካይ ለውድድሩ ኃላፊዎች አቤቱታ ጽፈው ቤት ለቤት ፊርማ እያሰባሰቡ መሆናቸውን፣ እስካሁንም ስልሳ ሦስት ሰው መፈረሙን ሳነብ ሳቄ አምልጦኝ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ። ቀጥሎ ግን «ክብርህን ካልጠበቁልህ ምን ታደርጋለህ እዚያ? መቀሱም የስፌት መኪናውም ያንተ ነው፣ ና ግባ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ።

እባክዎን መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩን ያስቁሙልኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔም ከሥሩ ጀምሬ ልንገርዎት።

እኛ በቡድን ስምንት ሆነን ነው የምንጋልበው። ከስምንቱ አንዱ መሪ ነው፤ ጀርባው ላይ የሚለጠፈው ቁጥርም በአንድ ያበቃል። የቀሩት ሰባቱ ለእሱ ይሠራሉ። ንፋሱን ከፊቱ ይከልሉለታል፤ ከኋላ ከሚከተለን መኪና ውኃ ያመጡለታል፤ ጎማው ከተነፈሰና መኪናው ሩቅ ከሆነ ደግሞ የራሳቸውን ጎማ ፈትተው ሰጥተውት እነሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ይሄ ሥራችን ነው። እርስዎ ሱሪ ሲያሳጥሩ ደንበኛው ጨርቄን ቆረጡብኝ ብሎ እንደማይከስዎት ሁሉ፣ እኛም ጋ ጎማ የሰጠ ተነጠቅኩ አይልም።

እኔ መቼም ከየት እንደተነሣሁ እርስዎ ያውቃሉ። የተሰፋውን ልብስ ከኋላ አስሬ ለደንበኛ የማደርሰው በሱቁ ብስክሌት ነበር፤ ያ ብስክሌት በክብደቱ ከበር አይተናነስም። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ከላዩ ሳልወርድ ከወጣሁ በልቤ ለራሴ አጨበጭብ ነበር። ለመጀመሪያው ውድድሬ ከካፖርት ገበር የሰፉልኝን ቁምጣ ያስታውሳሉ? የመቀመጫዋ ስፌት ቆዳዬን ልጦት በመጨረሻ ነው የገባሁት። ቤት ስደርስ «ሰው ቆሞ ሮጦ ያልሆነለትን አንተ ተቀምጠህ ልትሮጥ?» ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ግን ምንም ሳይሉ ቁምጣዋን ገልብጠው ስፌቷን ወደ ውጭ አውጥተው እንደገና ሰፉልኝ። እንደፈቀዱልኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እዚህ የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ይህንን ያኔ በደንብ አልነገርኳችሁም፤ ሩጫው እንዴት ነው ስትሉኝ ጥሩ ነው እላለሁ፣ እናንተም ልጃችን ሊያሸንፍ ጥቂት ቀረው ትሉ ነበር። ውኃ ተሸካሚ ነኝ ማለት አፈርኩ። ሁለት ጊዜ ትከሻዬ ተሰብሯል፤ አንዱን ነግሬያችኋለሁ፣ አንዱን አሁን ስሙኝ። እግሬን መላጨቴን በፎቶ አይተው «ሙሽራ ሆንክ እንዴ?» ያሉኝም ያን ጊዜ ነው። ስወድቅ ቁስሉ እንዲታጠብልኝ ነበር እንጂ ለማማር አልነበረም። ከዚያ መሪ ሆንኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ያ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፤ ሁለቴ ዋንጫውን ወሰድኩ። ፎቶዬን ሱቁ ውስጥ ከመስተዋቱ በላይ ሰቀላችሁት።

በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አጠገቤ የነበረ አንድ ረዳት ነበር፤ ውኃ ማቀበሉ ስለማይቋረጥ ቧንቧ እንለዋለን። ዋንጫውን መጀመሪያ በወሰድኩበት ዓመት አንድ ዝናባማ ቀን ጎማዬ ተነፈሰና ቧንቧ የራሱን ሰጠኝ። እኔ ሄድኩ። ዞር ብዬም አላየሁት። እሱ መኪናው እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ዝናብ ሲወርድበት ቆሞ፣ ከተወሰነው ሰዓት ውጭ ስለገባ ከውድድሩ ተሰናበተ። እኔ የአሸናፊውን ማሊያ ለብሼ መድረክ ላይ ስስቅ እሱ ሆቴል ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያስነጥስ ነበር። ስገባ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩት፤ ጨው ላቀበለ ሰው እንደሚባለው ዓይነት አመሰግናለሁ። ያ ነገር እስከ ዘንድሮ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ውድድሩ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ እናንተን ያናደዳችሁ አሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። በጠቅላላ ሰዓት ከፊቴ አንድ የሌላ ቡድን ሰው ብቻ ነበር፤ በአርባ ሰከንድ ይመራኛል። የኛው ልጅ ከእኔ አሥራ ሁለት ሰከንድ ዝቅ ብሎ ሦስተኛ ነበር። ያ እናንተ ቀማኛ ያላችሁት እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከማነሱ የተነሣ ድንቢጥ እንለዋለን። ዳገት ሲወጣ ግን ሰውን ያስቀናል፤ አፉን እንኳ አይከፍትም።

ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ አሰልጣኙ ሁላችንንም ሰብስቦ ዛሬ የምንሠራው ለአንድ ሰው ነው አለና ወደ እኔ ጠቆመ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እግሬ ከድቶኝ ነበር። ዳገት ላይ ስጫነው የሌላ ሰው እግር ይመስል ዝም ይለኛል። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ሦስተኛው ዋንጫ እንዳያመልጠኝ ሳሳሁ። ደግሞም እናንተ ሱቁ ውስጥ ወንበር ደርድራችሁ እንደምትጠብቁኝ ሳስብ አፌ ተያዘ። አባቴ፣ በእውነት ፈርቼ ነበር።

የመጨረሻው ተራራ ሥር ስንደርስ የድንቢጥ የፊት ጎማ ተነፈሰ። መኪናችን ከኋላ የወደቁ ሰዎች መንገዱን ዘግተውበት ቆሟል። ጆሮዬ ላይ በተሰካው ሬዲዮ አሰልጣኙ ተወው፣ አንተ ሂድ፣ ወደ ኋላ እንዳታይ ይለኛል። እኔ ግን አየሁ። ልጁ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል፤ እጁንም አላነሣም፤ የሚጠብቀው መኪናውን እንጂ እኔን አልነበረም። ማን በዚያ ተራራ ላይ የውድድሩን መሪ ሊይዘው እንደሚችል አውቃለሁ፤ እኔ እንዳልሆንኩም አውቃለሁ። ሬዲዮውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወረድኩና የፊት ጎማዬን ፈታሁ።

አልቀበልም አለ። ጋሼ ይሄ አይሆንም፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ጎማውን ወደ እኔ ገፋው። እኔ መልሼ ገፋሁለት፤ እሱም መለሰው። በመጨረሻ ሰው የሚልህን ተራራው ላይ ደርሰህ ትሰማዋለህ፣ አሁን ዝም ብለህ ሂድ ብዬ ጮኽኩበት። እናንተ በቴሌቪዥን ትግል የመሰላችሁ ይሄ ነው። አንዱ አልወስድም ሲል አንዱ ካልወሰድክ ሲል ነበር። የፈረሙት ስልሳ ሦስቱ ሰዎች ይህን ይወቁልኝ።

ወንበሩም እንደከነከናችሁ ጽፈዋል። መንገድ ዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አንድ ጎማ ብቻ ያለው ብስክሌት ይዤ ስቆም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከታጣፊ ወንበራቸው ተነሥተው ቁጭ በል አሉኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ያለፉኝን ሁሉ አየኋቸው፤ አንዳንዱ ደነገጠ፣ አንዱ ቀልደኛ ደግሞ ተመቸህ ወይ ብሎ አለፈ። መኪናው ደርሶ መካኒኩ አዲስ ጎማ እያሰረልኝ ፊቴን አየና ጤነኛ ነህ አለኝ፤ እየሳቅኩ ነበርና። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አባቴ። ምክንያቱን አሁን ላስረዳዎት እሞክር ይሆናል እንጂ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ዘጠኝ ዓመት ተሸክሜው የነበረ ነገር ከላዬ ላይ ወረደ።

ደግ ሆኜ ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እግሬ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እሰጠው ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ መልሱን አላውቀውም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አሰልጣኙ ያን ምሽት አላናገረኝም። እራት ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ድንቢጥ ግን ያን ቀን ከውድድሩ መሪ ላይ ሠላሳ አምስት ሰከንድ ቀንሶ፣ በማግስቱ ቀሪውን ወስዶ፣ በመጨረሻው ቀን በስድስት ሰከንድ ብልጫ ሻምፒዮን ሆነ። እኔ ዘጠነኛ ወጣሁ። መድረኩ ሥር አሰልጣኙ መጥቶ አንገቴን አቀፈኝና ስለ እግርህ ብትነግረኝ ኖሮ ሦስት ቀን አልቆጣህም ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ቧንቧም ደወለልኝ፤ እሱ አሁን መጋለብ ትቷል፣ ብስክሌት መጠገኛ ከፍቷል። ስንት ደቂቃ ቆምክ አለኝ። ስነግረው ይሄማ እረፍት ነው፣ ለዚያውም ወንበር ተሰጥቶህ ብሎ ተንከተከተ። ያን ጊዜ ስለዚያ ዝናባማ ቀን አነሣሁለትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ያን ቀን ዞር ብለህ ብታየኝ ኖሮ እኔው እመታህ ነበር፣ ሥራህ መሄድ ነበር አለኝ። ቢሆንም ማንሣቴ ደስ እንዳለው ከድምፁ አውቄያለሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር መጣሁ። ና ግባ ብለው የጻፉልኝ ቃል አንጀቴን በልቶታል። መቀሱን ለእኔ ማሰብዎ፣ ይህን ያህል ዘመን ርቄም ልጅዎ መሆኔን አለመርሳትዎ፣ ከሁለቱ ዋንጫ ይበልጥብኛል። ግን ትናንት ፈርሜያለሁ። ለአንድ ዓመት፣ በረዳትነት። ቁጥሬ ከእንግዲህ በአንድ አያበቃም። ድንቢጥ መሪ ነው፤ እኔ ንፋሱን እከልልለታለሁ፣ መቼ መጠበቅ መቼ መሄድ እንዳለበት እነግረዋለሁ፣ ውኃ አመጣለታለሁ። ሳላማክርዎት መፈረሜ ጥፋት ነው፤ ቢቆጡኝም ይገባኛል። ተዋርጄ ግን አይደለም። አውቄና ወድጄ ነው። ሰባት ዓመት ይህን ሥራ ስሠራ አፍሬ ደብቄያችሁ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሳላፍር ልሠራው እፈልጋለሁ። ከዓመቱ በኋላ እግሬ የሚሆነውን አይተን እንነጋገራለን። በሚቀጥለው ወር አምስት ሳምንት እረፍት አለኝ፤ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ቢቆጡኝ ይሻለኛል። እስከዚያው ምርቃትዎን በእህቴ እጅ ጽፈው ይላኩልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

እህቴን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ነው፣ እጅጌው ብቻ ለሁለት ሰው ይበቃል። አውቶቡስ ነጂውን አማቻችንን እንዴት ነህ በሉልኝ፤ ዳገት ላይ እቀድመዋለሁ የሚለውን ፉከራ ሰምቻለሁ፣ ስመጣ እንተያያለን። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሙልኝ። ለፀጉር አስተካካዩ አክብሮቴን አድርሱልኝ፤ የሰበሰቡትን ፊርማ አይቅደዱት፣ ለድንቢጥ የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ ይጻፉበት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ስጋልብ የምወድቅባት እየመሰላት ፊቷን በእጇ ሸፍና በጣቶቿ መሃል እንደምታይ እህቴ ነግራኛለች። ከእንግዲህ እጇን ታውርድ። ከፊት ከፊት አትፈልገኝ፤ እዚያ የለሁም። ከመኪኖቹ በኩል፣ ማሊያው በውኃ ጠርሙስ ተወጥሮ እንደ ነፍሰ ጡር ያበጠ፣ ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሱ ገና የሚመጣ አንድ ሰው ካየች፣ ያ ልጄ ነው ትበል። ደህና ነው፣ ደስ ብሎታል በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ

ከጎማ መሸጫው በላይ ካለው ክፍሌ፣
መስከረም 28 ቀን