ስብራትን እስክስታ ላለው የስፖርት ዓምድ

ለተከበሩ የ«ደጋው ድምፅ» ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም የስፖርት ዓምዱን የሚያሰናዳው ባልደረባዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንድትቆዩ ከልብ እመኛለሁ። አጥንታችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ፤ በከተማችን ሰው ሲሰበር የሚስቅ ጋዜጣ እንዳለ ስለማውቅ ነው እንዲህ ማለቴ።

እኔ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነኝ። ዓምድዎ ክረምቱን ሙሉ በልጆቼ ፀጉር አሠራርና ባል በማጣታቸው ሲቀልድ ከርሞ፣ ዱራሜ ላይ ባሸነፍን ማግስት «የሀገር ጌጦች» ብሎ ስለጠራን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ከሥሩ ያለውን ስም ባላይ ኖሮ ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው ብዬ አላምንም ነበር።

አንደኛው ቅሬታዬ ከሀደሮ ቡድን ጋር ያደረግነውን ጨዋታ ይመለከታል። ተከላካያችን ሐዳሳ ተገኘ፣ ጎል ሊሆን የነበረ ኳስ ለማዳን ተንሸራትታ ስትገባ ከአጥቂዋ ጋር ተጋጭታ ቅልጥሟ ተሰበረ። የአጥንቱን ድምፅ ሜዳው ዳር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የሀደሮ ልጆች ሳይቀሩ አለቀሱ። አምቡላንስ ስላልነበረ ሚኒባስ ውስጥ አጋድመን ሆስፒታል አደረስናት። ባልደረባዎ ግን «ሐዳሳ ኳሷን ትታ እስክስታ ወረደች፤ ለአወዳደቋ ዋንጫ ይገባታል» ብሎ ጻፈ። ስለ ስብራቱ አንዲት ቃል አልነበረችም።

አባቷ አቶ ተገኘ ሞርሲቶ ከተማ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ሊጠይቋት ሲመጡ መናኸሪያው ላይ የልጃቸው ስም ያለበትን ጋዜጣ አይተው፣ ደስ ብሏቸው ገዙት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ሲገልጡት እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባዬ፣ ስለ እኔ ምን አሉ?» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። «ሐዳሳ ቡድኗን ለማዳን ለራሷ አልሳሳችም። ደጋፊዎቿ ሁሉ ቶሎ እንድትድን ይጸልያሉ።» ድምፃቸው ደህና ነበር። ወረቀቱን ግን እሷ እንዳታየው ቶሎ አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

በማግስቱ የጎረቤት አልጋ ጠያቂ ያንኑ ጋዜጣ ይዞ መጣና ሐዳሳ ራሷ አነበበችው። አላለቀሰችም። አባቷ ሲገቡ «አባዬ፣ አንተ የጻፍከው ይሻላል» አለቻቸው። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ክቡር ሆይ፣ ያንን ጀርባ እርስዎም ቢያዩት ኖሮ እላለሁ።

ሁለተኛው ደግሞ፣ አንድ ባለሥልጣን ልጅቷን ሊጠይቋት በመጡ ሳምንት ዓምድዎ በድንገት ሙሾ አውራጅ መሆኑ ነው። «ሰማዩ ጠቆረ፤ የጀግናችን እንባ የእኛም እንባ ነው» አላችሁ። ለሐዘናችሁ እያመሰገንኩ፣ ልጅቷ እንዳልሞተች በትሕትና አሳውቃለሁ። በዚያው ዕለት ባልደረባዎ ካሜራውን ይዞ ዋርዱ ሲገባ ቆሎ እየቆረጠመች ከበሽተኞቹ ጋር ትስቅ ነበር። እንዴት ነሽ እንኳ ሳይላት «ፊትሽን ትንሽ አሳዝኚው፤ ፎቶ ላንሳሽ» አላት።

«እባክህ ውጣልኝ» አለችው።

ወጣ። በቀጣዩ ሳምንት ጀግናችን «ዝና ያሰከራት ባለጌ» ሆና ወጣች። እኔ ለቅሬታዎቼ ቁጥር መስጠት ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው፤ አስጠልቶኛል።

ጀሶዋ ተፈትቷል። ሐኪሙ ዘንድሮ ኳስ እንዳትነካ ከልክሏታል። እሷ ግን በየልምምዱ እየመጣች፣ ሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ተከላካዮቹን ድምፅዋ እስኪዘጋ ታዛቸዋለች። ይቅርታ ጠይቁኝ አላለችም። እርማት የምጠይቀው እኔ ነኝ፦ ያ እስክስታ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ አባቷ ያነበቡላትን ቃል በስማቸው አውጥታችሁ አርሙት።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት፣ ዓምድዎ ለእውነት ካለው አክብሮት በምንም እንደማያንስ እያረጋገጥኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ገነቴ ወልደየሱስ
አሠልጣኝ

በተጨማሪ፦ ለቀጣዩ ጨዋታችን ባልደረባዎን በክብር ጋብዘነዋል፤ መግቢያው በነፃ ነው። ሜዳው የት እንደሆነ ግን መንገደኛ መጠየቅ ይኖርበታል፤ እስከ ዛሬ እግሩ ረግጦት አያውቅምና።